ለእማማ አይናዲስ እጅ የሚሆን ብዕር

ሳን ሆዜ፣ ፌብሩዋሪ 11 ቀን 1996

ለወንድሜ ለዘርትሁን፣

እንደምን ሰነበትክ? እኔም ልጄ ቲቲም እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ደብዳቤህ ከደረሰኝ ሁለት ሳምንት አልፎታል፤ ይቅርታ። እኔ የማታ ሺፍት ላይ ነኝ፤ አንተ ደግሞ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተነሥተህ መንገደኛ ኤርፖርት ታደርሳለህ። አንዳችን ስንነቃ አንዳችን እንተኛለን። ስልክ ለእኔና ለአንተ አልተፈጠረም። ደግሞም የምትጠይቀኝ ነገር ሥዕል ይፈልጋል፣ ሥዕል በስልክ አይሄድም።

"ለጀማሪ ከሁሉ የሚሻለው የቀለም ብዕር ኪት የቱ ነው?" ያልከውን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ። ጫማ ቤት ገብተህ የማን እግር እንደሆነ ሳትናገር ከሁሉ የሚሻለው ጫማ የቱ ነው ትላለህ? ካርቱም በስደት ጎረቤት ሆነን አንድ ግቢ ስንኖርም እንዲህ ነበርክ፤ ገበያ ስትላክ ምን እንደምትገዛ ሳትሰማ ትሮጣለህ።

ለማንኛውም ከመጀመሪያው ልጀምርልህ። ኪት የሚሉት በትንሽ ላስቲክ ከረጢት የሚመጣውን የብዕሩን የውስጥ ዕቃ ነው፤ ሁለት የነሐስ ቱቦ፣ ጫፉ፣ ጫፉን የሚይዘው አንገት፣ ክዳኑና የቀለም መምጠጫው። ውጭውን ከእንጨት በቶርኖ ቀርጸህ የምታለብሰው አንተ ነህ። እኔ ይህን የጀመርኩት ባለቤቴ ካረፈ በኋላ እጄ ሥራ ፈቶ መቀመጥ ስላቃተው ነው። ረቡዕ ረቡዕ ጠዋት የሚያስተምሩን ሽማግሌ ጀማሪ ሁሉ በእስክሪብቶ ይጀምር ይላሉ፤ የቀለም ብዕር ብዙ ቦታ ላይ መግጠም ስላለበት ጀማሪን ያስለቅሳል። አንተ ግን እስክሪብቶ አልፈልግም ብለሃል። ምክንያት ካለህ ንገረኝ፣ ለማን እንደሆነም ጻፍልኝ። ለራሴ ነው ካልከኝ አላምንህም።

እትዬህ ፅጌረዳ


ኦክላንድ፣ ፌብሩዋሪ 18 ቀን 1996

ለእትዬ ፅጌ፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? ነገ ጾም ይገባል፤ ከመግባቱ በፊት ልጻፍልሽ ብዬ ነው። ሽሙጥሽን ተቀብያለሁ። ብዕሩ ለእናቴ ነው።

እናቴ ፊደል የቆጠረችው በሃምሳ አንድ ዓመቷ፣ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው። ከዚያ በፊት ደብዳቤ ስታጽፍ ጸሐፊው ከራሱ እየጨመረ ናፍቆትህ አንጀቴን በላው፣ እንባዬ ጎርፍ ሆነ ይልባታል። ሲነበብላት "እኔ እንዲህ አላልኩም" ብላ ትቆጣለች። ፊደል የቆጠረችውም ማንም በአፌ አይናገር ብላ ነው። ካርቱም እያለን የሚመጡልኝን ደብዳቤዎች ታስታውሻለሽ፤ ስድስት መስመር አይሞሉም። "በጉ ሞተ። ዝናቡ ዘገየ። አንተ ብላ።" ግን የራሷ ነበሩ።

እስክሪብቶ ስትይዝ በጣም ስለምትጫን ወረቀቱ ይበሳል። ካለፈው ዓመት ወዲህ ደግሞ ቁርጥማቱ ጣቷን አሳብጦባት መጫን አልቻለችም። ያለፉትን ሁለት ደብዳቤዎች የጎረቤት ተማሪ ጻፈላት፤ ከሰማይ ክዋክብት ይበልጣል ሰላምታዬ ይላሉ። እነዚህን እናቴ አላለቻቸውም። ባለፈው ወር አንዲት ሽማግሌ ተሳፋሪ ቫን ውስጥ በቀለም ብዕር ስትፈርም አየሁ፤ ብዕሩን ጋደም አድርጋ ሳትጫን ነው የጻፈችው። ለምኜ ሞከርኩት፣ እውነትም ጉልበት አይፈልግም። ሱቅ ያለው ሁሉ ግን ቀጭን ነው፤ ያበጠ ጣት አይጨብጠውም።

እናቴ በራሷ እጅ አንድ ደብዳቤ እንድትጽፍልኝ እፈልጋለሁ። ሌላ ምንም አልፈልግም። ደምመላሽ የሚባል የቤተ ክርስቲያናችን ሰው በሜይ መጀመሪያ አዲስ አበባ ስለሚሄድ ይወስድልኛል። እኅትሽ ሀረገወይን ከእናቴ ሰፈር ሩቅ አይደለችም፤ ሄዳ እጇን ብታይልኝ ምን ይመስልሻል?

ወንድምሽ ዘርትሁን


ሳን ሆዜ፣ ማርች 3 ቀን 1996

ለወንድሜ ለዘርትሁን፣

ጾሙ እንዴት ይዞሃል? ያሾፍኩብህን ሁሉ መልሼ ወስጃለሁ። "አንተ ብላ" የምትለዋን ለቲቲ ነገርኳት፤ "አይ ላይክ ሄር" አለችኝ፣ እኔም እንዲሁ ነኝ።

አሁን የማን እጅ እንደሆነ ስላወቅን መምረጥ እንችላለን። የካታሎጉን ገጽ ቀድጄ ልኬልሃለሁ፣ ሦስት ዓይነት አለ። ትልቁንና ወርቅ የተቀባውን ተወው። ያምራል፣ ነገር ግን ብረቱ ብዙ ነው፤ የእማማን እጅ ቶሎ ያደክማል። መካከለኛውን እንውሰድ። ቱቦው ቀጭን ስለሆነ እንጨቱን ወፈር አድርገን እንተወዋለን፤ እንጨት ስለማይከብድ ለጣታቸው የሚሞላ ግን ቀላል ብዕር ይወጣልናል። ጫፉም መካከለኛ ይሁን። ቀጭኑ ወረቀት ይቧጭራል፤ እስክሪብቶ የለመደ እጅ ሲጫነው ደግሞ ይከፈታል። ካርትሪጅ የሚባለውን፣ ቀለሙ ሲያልቅ ተጥሎ በአዲስ የሚተካውን፣ አትይ፤ አዲስ አበባ ሲያልቅባቸው ከየት ያመጣሉ? ከጠርሙስ ቀለም የሚመጠውን ነው የምንገዛው።

የቀረው ክዳኑ ነው። አንዱ ተስቦ ይከፈታል፣ ሌላው በማዞር። ለመሳብ የክንድ ጉልበት፣ ለማዞር የጣት ጉልበት ያስፈልጋል፤ የትኛው እንደቀረላቸው አንተም እኔም አናውቅም። ሀረገወይን የፊታችን እሑድ፣ ማርች 10፣ እማማ ዘንድ ሄዳ የጣታቸውን ዙሪያ በክር ትለካለች፣ የሽሮፕ ጠርሙስም ሰጥታ ታስከፍታቸዋለች። እሷ እስክትነግረኝ ምንም እንዳትገዛ። ስትገዛም ሁለት ግዛ፤ የመጀመሪያው መበላሸቱ አይቀርም። ጎረቤቴ የወይራ ዛፉን አስቆርጦ ነበርና አራት ደረቅ ቁራጭ አስቀምጬልሃለሁ።

እትዬህ ፅጌረዳ


ሳን ሆዜ፣ ማርች 17 ቀን 1996

ለተከበሩ ለጋሼ ጥሩነህ፣ ኦክላንድ

ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ለማኅበሩ ሽማግሌዎች እንዲያስረዱበት በስልክ የነገርኩዎትን በጽሑፍ ላኪልኝ ስላሉኝ ነው። የዘርትሁን እናት ወይዘሮ አይናዲስ የካቲት 30 ቀን፣ በዚህ አቆጣጠር ማርች 9፣ ዐርፈዋል። የታመሙት ሦስት ቀን ብቻ ነው፤ ምላሳቸው ተይዞ ነበር። እኅቴ ሀረገወይን በማግሥቱ ጣታቸውን ልትለካ ክር ይዛ ስትሄድ ድንኳን ተተክሎ አገኘች።

ልጁ ብቻውን የሚኖር ስለሆነ ፋሲካ ይለፍለት፣ ከዳግም ትንሣኤ በፊት ባለው ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ ተሰብስበን እናረዳዋለን ማለታችሁን ሰምቻለሁ። የወሰናችሁትን አላፈርስም። ግን ጋሼ፣ ይህ ልጅ ለእናቱ ብዕር ሊሠራ እየተማረ ነው፤ በየደብዳቤው እጃቸው እንዴት እንደሆነ ይጠይቀኛል። ሌላው ሰው ዝም ቢል ይበቃዋል፣ እኔ ግን መልስ መስጠት አለብኝ። ቀኑን ቢያቀርቡልኝ እለምንዎታለሁ። ካልሆነም ምን ብዬ እንደምጽፍለት ይንገሩኝ።

ታናሽ እኅትዎ ፅጌረዳ


ኦክላንድ፣ ማርች 24 ቀን 1996

ለእትዬ ፅጌ፣

ምነው ጠፋሽ? ሦስት ጊዜ ደውዬ ሦስቱንም ቲቲ "ሺ ኢዝ ኖት ሆም" አለችኝ። በሁለተኛው ከኋላዋ ስትስዪ ሰምቼሻለሁ። አስቀይሜሽ ከሆነ ንገሪኝ፣ እግርሽ ላይ እወድቃለሁ።

እናቴንም በስልክ ላገኛት አልቻልኩም። ጎረቤት ቤት ደውዬ እኅቴን ሳሌምን አስጠራሁ። እናታችን ጸበል ገብታለች፣ እስከ ፋሲካ አትመለስም አለችኝ። በዚህ ጉልበቷ ጸበል ምን አስኬዳት ብዬ ተቆጣሁ። የሳሌም ድምፅ ጉንፋን የያዘው ሰው ድምፅ ነበር። ባለፈው እሑድ ደግሞ ጋሼ ጥሩነህን ቤተ ክርስቲያን በር ላይ አግኝቼ ስለ ብዕሩ ስነግራቸው እጄን ይዘው ብዙ ቆሙ፣ ከዚያ "አይዞህ" አሉኝ። ብዕር ለሚሠራ ሰው አይዞህ እንደሚባል አላውቅም ነበር።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ልቤ ፈርቷል። ሰው ጸበል ገብቷል ሲባል ምን ማለት ሊሆን እንደሚችል አንቺም ታውቂያለሽ። ሀረገወይን ግን ማርች 10 እንደምትሄድ ጽፈሽልኛል። ሄደች? ጣቷን በክሩ ለካች? የጠርሙሱ ክዳን ተከፈተላት? እናቴ ምን አለች? ሁለት መስመር ይበቃኛል። ከዚህ በላይ ካዘገየሽብኝ ሥራዬን ትቼ እመጣለሁ።

ወንድምሽ ዘርትሁን


ሳን ሆዜ፣ ማርች 31 ቀን 1996

ለወንድሜ ለዘርትሁን፣

ይቅርታ አድርግልኝ። ኦቨርታይም በዝቶብኝ ነው፤ ጉንፋንም ይዞኝ ነበር፣ ሳሉን በትክክል ሰምተሃል። ምንም አላስቀየምከኝም።

ሀረገወይን ሄዳለች። በማዞር የሚከፈተውን ይችላሉ። የመሃል ጣታቸው ዙሪያ በክር ሰባት ሳንቲሜትር ነው። ስለዚህ መካከለኛውን ኪት፣ ባለማዞሪያውን ክዳን ግዛ። እንጨቱን ስትቀርጽ ውፍረቱን አሥራ አራት ሚሊሜትር ላይ አቁም፤ ከዚያ በታች አትውረድ።

እማማ መልእክትም ልከውልሃል። ሀረገወይን ቃል በቃል ነው የነገረችኝ። "ልጄ የሠራው ከሆነ ጣቴ አይሰንፍም። ቀለሙ ሰማያዊ ይሁንልኝ። መጀመሪያ የምጽፈው ስሙን ነው።"

በል፣ አሁን ልብህን አሳርፍ።

እትዬህ ፅጌረዳ


ኦክላንድ፣ ኤፕሪል 8 ቀን 1996

ለእትዬ ፅጌ፣

ሰሙነ ሕማማት ስለሆነ ሰላምታ አላበዛም። የጋራዥሽን ቁልፍ ለጎረቤትሽ ትተሽ ሬድውድ ሲቲ ሥራ መሄድሽ አሳዝኖኝ ነበር፤ አጠገቤ ቆመሽ እንድትሰድቢኝ ነበር የፈለግሁት። ቢሆንም ቅዳሜ ከጠዋት እስከ አሥር ሰዓት ቶርኖሽ ላይ ዋልኩ። ኪቱን ኤመሪቪል ካለ የእንጨት ዕቃ ሱቅ ሁለት ገዛሁ፤ በካታሎጉ ብጠብቅ አይደርስልኝም ነበር። የመጀመሪያው እንዳልሽው ተሰነጠቀ፣ መሮውን ስጫነው ነው። ሁለተኛውን ቀስ ብዬ ሠራሁት። ክዳኑና አካሉ የሚገናኙበት ላይ እንጨቱ ትንሽ ዝቅ ብሏል፤ ጥፍር ሲሄድበት ይታወቃል፣ ለዓይን ግን አይታይም። በብርጭቆ ወረቀት ስፈትገው የወይራው መስመር ወጣ፣ ከዚያ እጄን ማቆም አቃተኝ። ቀለም ሞልቼ ስሟን ጻፍኩበት። ያለ ጉልበት ይጽፋል።

መልእክቷን በኪሴ ይዤ እዞራለሁ። ለሰው ሁሉ አነበብኩት፣ ለጋሼ ጥሩነህም ሳነብላቸው አንገታቸውን ደፉ። እትዬ፣ ለካ ክፉኛ ፈርቼ ነበር። ደብዳቤሽን ሳነብ ፍርሃቱ ለቀቀኝ። የሞተ ሰው ቀለም አያማርጥም ብዬ በራሴ ሳቅሁ። እግዚአብሔር ያክብርልኝ።

ወንድምሽ ዘርትሁን


ኦክላንድ፣ ኤፕሪል 28 ቀን 1996

ለእትዬ ፅጌ፣

ሊያስተዛዝኑኝ የመጡት ሁሉ ተመልሰው ቤቱ ባዶ ሆኗል። የላክሽው ምግብ ደርሶኛል፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ባረዱኝ ቅዳሜ ጠዋት ከሰዎቹ ኋላ በሩ ላይ ቆመሽ አይቼሻለሁ። ሁሉም ሲገባ አንቺ አልገባሽም። የዚያን ጊዜ አልገባኝም ነበር።

በዝምታችሁ አልቀየምም። እኔም የጓደኛዬ የዓባይነህ አባት ሲሞት ሁለት ወር ደብቄዋለሁ፤ በየቀኑ አብሬው ቁርስ እየበላሁ አንድ ቀን ፊቴ አልተለወጠም። ደንባችን ነው፣ ማንም ለክፋት አያደርገውም።

ነገር ግን ቀን ቆጠርኩ። እናቴ ያረፈችው ማርች 9 ነው። ከዚያ በፊት ሦስት ቀን ምላሷ ተይዟል። ሀረገወይን የሄደችው በማግሥቱ ነው። አንቺ የእናቴን ቃል የጻፍሽልኝ ከሞተች በሃያ ሁለት ቀኗ ነው። ይህን ቃል መቼ ነው የተናገረችው? ምናልባት ሀረገወይን ቀደም ብላ መንገድ ላይ አግኝታት ይሆናል ብዬ አሰብኩ። እንዲያ ከሆነ ንገሪኝ፣ ሌላ አልጠይቅሽም።

የምጠይቀው ለራሴ ብቻ አይደለም። ባረዳችሁኝ ዕለት ለሳሌም ደውዬ እያለቀስን መልእክቱን ነገርኳት። ሳሌም ሦስት ቀን አልጋው አጠገብ ቁጭ ብላ አንድ ቃል ስትጠብቅ የነበረች ናት፤ ምንም አልሰማችም። ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ፣ እርሳስ አምጡልኝ ስትልም ሰማኋት። ብዕሩን ለእኔ ላክልኝ ስላለችኝ ለደምመላሽ ሰጥቼዋለሁ፣ ሜይ 6 ይሄዳል።

ከሦስቱ ቃል የትኛው ነው የሷ? አንዱ ብቻ ቢሆንም ይበቃኛል።

ዘርትሁን


ሳን ሆዜ፣ ሜይ 3 ቀን 1996

ዘርትሁን ወንድሜ፣

አንዱም የእማማ አይደለም። ሦስቱንም የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሀረገወይን በሕይወት አላገኘቻቸውም፣ ጣታቸውም አልተለካም። ሰባት ሳንቲሜትር ያልኩህ የራሴን ጣት ለክቼ፣ ትንሽ ጨምሬበት ነው።

ሰበብ አልደረድርልህም፣ የሆነውን ብቻ ልንገርህ። ጋሼ ጥሩነህ "አረጋጊው፣ ቀኑ አይለወጥም" ብለው መለሱልኝ። ልቤ ፈርቷል፣ እመጣለሁ ብለህ ስትጽፍ ደግሞ መጥተህ ፊቴን ካየህ አበቃ አልኩ። ክዳኑን ይችላሉ ብዬ ብቻ ልዘጋው ነበር። ግን አንተን አውቅሃለሁ፤ በሱ እንደማትረጋጋ ገባኝ። እሳቸው ቢኖሩ ምን ይሉት ነበር ብዬ አሰብኩ። ደብዳቤዎቻቸውን ካርቱም አብረን ስላነበብን ቃላቸውን መምሰል አላቃተኝም። የሚያሳፍረኝን ልንገርህ፤ ጽፌ ስጨርስ ደስ አለኝ። ልክ እሳቸውን ይመስላል ብዬ ደስ አለኝ።

ደንቡ ዝም በሉ ይላል፣ በሟች አፍ ተናገሩ አይልም። እማማ ደግሞ በሕይወታቸው የጠሉት ይህንኑ ነበር፤ አንተው ጽፈህልኝ እያወቅሁ ነው ያደረግሁት። ያን ቅዳሜ ደጅህ ላይ ቆሜ የቀረሁትም ለዚህ ነው፣ በምን ዓይኔ እገባለሁ።

ይቅርታ ለመጠየቅ አፍ የለኝም። ለሳሌም ግን እኔ ልጻፍላት። የዋሸሁት እኔ ስለሆንኩ እውነቱን መናገርም የኔ ነው። ሳትፈቅድልኝ አልልክም፣ እባክህ እሺ በለኝ።

ፅጌረዳ


ኦክላንድ፣ ሜይ 19 ቀን 1996

እትዬ ፅጌ፣

መልስ ያዘገየሁት ተቀይሜሽ ነው። አሁንም ተቀይሜያለሁ። ሁለት ጊዜ ወዳንቺ ልመጣ ተነሥቼ ፍሪሞንት ስደርስ ተመለስኩ፤ ምን እንደምልሽ አላወቅሁም። እናቴ ሞተች ሲሉኝ አንድ ጊዜ አለቀስኩ፣ ያንቺን ደብዳቤ ሳነብ እንደገና አለቀስኩ። የሁለተኛው ይብሳል።

ለሳሌም አትጻፊ።

ትናንት ደወልኩላት። እውነቱን ልነግራት ነበር የደወልኩት፣ እንዳይጠፋብኝም የምለውን ወረቀት ላይ ጽፌ ይዤ ነበር። እሷ ቀደመችኝ። ብዕሩ ደርሷታል፣ ክዳኑም በቀላሉ ይዞራል። ሰማያዊ ቀለም ገዝታ ሦስቱን ቃል በብዕሩ በትልልቁ ጽፋ ከእናታችን ፎቶ ሥር ሰቅላዋለች። ለሰማንያዋ ዘመድ ሲሰበሰብ የነፍስ አባቷ ሊያነቡት ነው። ከቀበርናት ወዲህ እንቅልፍ የወሰደኝ ያንን ከሰቀልኩ ጀምሮ ነው አለችኝ። ወረቀቴን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት።

ከዚያ መቼ ነው እንዲህ ያለችው ብላ ጠየቀችኝ። ከመታመሟ በፊት በነበረው ሐሙስ፣ ሀረገወይን መጥታ ደጅ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ሳሉ ነው አልኳት። እኔ ገበያ ሄጄ ይሆናል አለች። ይሆናል አልኳት።

ይቅር በለኝ ብለሽ አትጻፊልኝ። እኔም ከእንግዲህ ይቅርታ የምጠይቃት ሰው አለችኝ።

ልንሰነባበት ስንል ሳሌም ቀስ ብላ "ስለ እኔስ? ስለ እኔ ምንም አላለችም?" አለችኝ። እትዬ፣ ሰባት ዓመት የጦረቻት እሷ ናት። ያጠበቻት፣ ያጎረሰቻት፣ ዓይኗን የከደነቻት እሷ ናት፤ መልእክቱ ውስጥ ግን የኔ ስም ብቻ ነው ያለው።

ብላለች አልኳት። "ሳሌም አለችልኝ፤ ምን ጎደለብኝ" ብላለች አልኳት። እርሳስ ሳትጠይቅ "ቆይ፣ ብዕሩን ላምጣ" አለች፣ እኔም ቀስ ብዬ ደገምኩላት።

ለሀረገወይን ንገሪያት፤ ሳሌም ሄዳ ብትጠይቃት ሐሙስ ዕለት ነበር፣ ደጅ ፀሐይ ላይ ተቀምጠን ነበር፣ ይህንንም ብላለች ትበል።

ዘርትሁን